ካንዴላ ከተለወጠ በኋላ ጉልበት የሚያጣ ሞተር፤ ስለ ጥገና ስያሜዎች አተረጓጐም የቀረበ ማብራሪያ

የቴክኒክ መጽሐፍ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው የሚፈጽመው ስሕተት በልብ ወለድ ተርጓሚ ላይ ከሚደርሰው በአንድ ነገር ይለያል። የልብ ወለዱ ስሕተት አንባቢውን ቅር ያሰኘዋል፤ የቴክኒኩ ስሕተት ግን መፍቻ ይዞ ሞተሩ አጠገብ የተቀመጠውን ሰው እጅ ይመራል። ይህን ለማለት ያነሣሣኝ ከጥቂት ዓመታት በፊት ስያሜዎቹን እንድመረምር የቀረበልኝ፣ መርምሬም «ተስማሚ ነው» ብዬ የፈረምሁበት አንድ የሞተር ሳይክል መጠገኛ መመሪያ ነው። በመመሪያው ውስጥ የሞተር ብልሽት ምልክቶችንና መፍትሔዎቻቸውን የሚያሳይ ሰንጠረዥ ነበር። «ሞተሩ ጉልበት ሲያጣ» ከሚለው አንጻር የሚከተሉት ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ተጽፈዋል፦ «የካንዴላው ስንጥቅ ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር መሆኑን ያረጋግጡ። ካንዴላው ጠቁሮ ከተገኘ ይበልጥ የጋለ ካንዴላ ይጠቀሙ።»

መመሪያው በሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ስለ አጠቃቀሙ ለመጠየቅ ወደ አንዲት የገጠር ከተማ ጋራዥ ሄጄ ነበር። እዚያም የአንድ የግብርና ሠራተኛ ሞተር ሳይክል ቆሞ አገኘሁ። ካንዴላው አርጅቷል ተብሎ በአዲስ ከተለወጠ ወዲህ ሞተሩ በሜዳ ደኅና ሲሄድ ዳገት ላይ ይቆራረጣል። መካኒኩ መመሪያውን ገልጦ አሳየኝና «ጋሼ፣ መጽሐፉ ያለውን ሁሉ አድርገናል» አለኝ። በእርግጥም አድርጓል። አዲሱን ካንዴላ ፈትቶ ነጩን ሸክላ በአጉሊ መነጽር መርምሯል፤ ምንም ስንጥቅ ስላላገኘበት ተደስቷል። ቀጥሎም የካንዴላው ጫፍ ጠቁሮ ስላየው ከሰል ምድጃ ላይ አግሎ፣ በጨርቅ ይዞ መልሶ አጥብቆታል። ሞተሩ ወዲያው ተነሣ። ሃያ ደቂቃ ያህል ከተሄደበት በኋላ ግን ያው ብልሽት ተመለሰ፤ እርሱም ካንዴላውን ደግሞ አጋለው።

ነገሩን አስቸጋሪ ያደረገው ማጋሉ መሥራቱ ነው። በቤንዚን የራሰና ጥላሸት የያዘ ካንዴላ በእሳት ሲደርቅ ለጥቂት ጊዜ ይሠራል። ስለዚህም የተሳሳተው ትርጕም በሙከራ የተረጋገጠ መሰለ። አንድ ቃል በመጽሐፍ ላይ ሲሳሳት ከማረም ይልቅ፣ ተሳስቶ ሳለ ለጊዜው ፍሬ ሲያሳይ ማረም እጅግ ይከብዳል።

የሁለቱን ዐረፍተ ነገሮች ስሕተት ለመረዳት ካንዴላ ምን እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ቤንዚን በሚያቃጥል ሞተር ውስጥ ካንዴላ ሁለት ተግባር አለው። አንደኛው ከመካከለኛው ኤሌክትሮድ ወደ ጎኑ ኤሌክትሮድ በአየር ላይ በሚዘል ኮረንቲ አማካይነት በሲሊንደር ውስጥ የታመቀውን የአየርና የቤንዚን ድብልቅ ማቀጣጠል ነው። ሁለተኛው፣ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው፣ ከቃጠሎው የሚቀበለውን ሙቀት በልኩ ወደ ሞተሩ ራስ ማስተላለፍ ነው። በመመሪያው ላይ «ስንጥቅ» የተባለው ቃል የመጀመሪያውን ተግባር፣ «የጋለ» የተባለው ደግሞ ሁለተኛውን የሚመለከት ነበር። ሁለቱም በአንድ ገጽ ላይ፣ ያውም በእኔ ፊርማ ሥር ተሳስተዋል።

«ካንዴላ» ስለተባለው ስም

አስቀድሞ ስለ ዕቃው ስም ጥቂት ማለት ይገባል። ከሙያው ውጭ ያሉ አንዳንድ ተርጓሚዎች ካንዴላን «የብልጭታ ውታፍ» እያሉ ሲጽፉ ይታያል። ይህ የእንግሊዝኛውን ስም ቃል በቃል የመለሰ ነው እንጂ ማንም መካኒክ ብሎት አያውቅም። ውታፍ ስንል ጠርሙስ ወይም ገንቦ የሚደፈንበትን ነገር እናስባለን፤ አንባቢውም ሊያስብ የሚችለው ይህንኑ ነው።

ካንዴላ የጣልያንኛ ቃል ሲሆን በዚያው ቋንቋ ሻማም የሞተር ማቀጣጠያም ማለት ነው። ፈረንሳይኛው «ቡዢ» እንዲሁ ሁለቱን ይይዛል፤ ጀርመንኛውም «የመለኰሻ ሻማ» ይለዋል። ዐረብኛም ለዚሁ ዕቃ የሻማን ስም ይጠቀማል። ከዚህ በመነሣት «የሞተር ሻማ» የሚል ስያሜ እንዲወጣ የሚሹ አሉ። ዳሩ ግን «ሻማ» ራሱ ከዐረብኛ የመጣ ስለሆነ በአገር በቀልነቱ ከካንዴላ የሚበልጥበት ምክንያት የለም። ካንዴላ ከሌሎች የጋራዥ ቃላት ጋር አብሮ የገባ፣ የአማርኛን የድምፅ ሥርዐት ተከትሎ የተዋሐደ ቤተሰብ አባል ነው። ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ፍሬን፣ ጎማ፣ ኩሽኔታ፣ ቦቢና፣ ባልቦላ፣ ካቻቢቴ የሚሉት ሁሉ የዚሁ ወገን ናቸው። በባልቦላና በካቻቢቴ ላይ የጣልያንኛው «ቭ» ወደ «ብ» መለወጡን፣ በፍሪሲዮንም የመጨረሻው አናባቢ መውደቁን ልብ ይሏል። ቃላቱ የተማሪ ቤት ቃላት አይደሉም፤ በጆሮ ተሰምተው በአፍ የተቀረጹ ናቸው። መዝገበ ቃላት አዘጋጅ እንዲህ ያለውን ቃል አፍልሶ በሌላ ከመተካቱ በፊት ሁለት ጊዜ ሊያስብ ይገባል።

አንድ ችግር ግን አለ። በዓለም አቀፍ የመለኪያዎች ሥርዐት ከሰባቱ መሠረታዊ መለኪያዎች አንዱ፣ የብርሃንን ድምቀት የሚለካው፣ «ካንዴላ» ይባላል። ስለዚህ በመዝገበ ቃላት ውስጥ ቃሉ በሁለት የተለያዩ ርእሰ ቃላት፣ በቍጥር ተለይቶ መግባት አለበት እንጂ በአንድ ርእስ ሥር እንደ ሁለት ፍቺ መቀመጥ የለበትም። ወደ አማርኛ የገቡበት ዘመንም መንገድም የተለያየ ነውና።

ስንጥቅና ክፍተት

«ስንጥቅ» ሰነጠቀ ከሚለው ግስ የወጣ የድርጊት ውጤት ስም ነው። አንድ ጊዜ ሙሉ የነበረ ነገር ተሰንጥቋል ማለት ነው፤ ጉዳትን ያመለክታል። «ክፍተት» ደግሞ ከፈተ ከሚለው ወጥቶ ሁኔታን የሚገልጽ በመሆኑ ሆን ተብሎ የተተወን ባዶ ስፍራ ለመግለጽ ይመቻል። መካኒኩ ስንጥቅ ፈልጎ ስላላገኘ መደሰቱ ፍጹም ትክክል ነበር፤ አማርኛው ያዘዘው ይህንን ነውና። የሸክላው መሰንጠቅ በራሱ እውነተኛ ብልሽት ስለሆነ ደግሞ፣ የተሳሳተው ትእዛዝ ትርጕም ያለው መስሎ ታየ።

ክፍተቱን የለካነው በኋላ ነው። 1.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ሆኖ ተገኘ። ካንዴላው ለመኪና ሞተር የተሠራ ሆኖ የጥርሱ ስፋትና ርዝመት ስለ ገጠመ ብቻ የተገዛ ነበር። እንግዲህ የብልሽቱ ምክንያት እዚህ ላይ ነው። ኮረንቲው ክፍተቱን እንዲዘል የሚያስፈልገው ቮልት ክፍተቱ በሰፋ መጠንና በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት በጨመረ መጠን ከፍ ይላል። ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ ወደ ሲሊንደር የሚገባው አየር ጥቂት ስለሆነ የእመቃው ግፊት ዝቅተኛ ነው፤ ቦቢናው የሚሰጠው ቮልት ይበቃል። ዳገት ላይ የቤንዚን መስጫው እጀታ በሰፊው ሲከፈት ግን ሲሊንደሩ በአየር ይሞላል፤ ግፊቱ ይጨምራል፤ ቮልቱ አልበቃ ይላል፤ ኮረንቲውም ሳይዘል ይቀራል። ያልተቃጠለው ቤንዚን ካንዴላውን ያረጥበዋል፣ ጥላሸትም ይይዘዋል። ከዚህም የተነሣ የካንዴላው መጥቆር በዚህ ጊዜ የበሽታው ምልክት እንጂ ምክንያቱ አልነበረም።

በጋራዥ ይህን ሁኔታ «ሚስ ያደርጋል» ወይም «ይቆርጣል» ይሉታል። በጽሑፍ ቋንቋ «እሳት መሳት» ቢባል መልካም ይመስለኛል። መካኒኮች «ካንዴላው እሳት የለውም» እያሉ ብልጭታውን እሳት ብለው ስለሚጠሩት፣ «ሳተ» ደግሞ ዒላማውን ያጣ ነገር ሁሉ ግስ ስለሆነ፣ ሁለቱ ተጣምረው ያለ ማብራሪያ ይገባሉ። በመመሪያው ላይ የነበረው «የእሳት ማምለጥ» ግን አንባቢን ወደ ቃጠሎ አደጋ የሚመራ ነው።

ስለ ሙቅና ቀዝቃዛ ካንዴላ

ከሁሉ የከበደው ይህ ነው። የካንዴላ ጫፍ በሥራ ላይ ሳለ ከ450 እስከ 850 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ገደማ ሊቆይ ይገባዋል። ከዚህ ከወረደ ጥላሸቱ ተቃጥሎ አይጠራለትም፤ ከዚህ በላይ ከወጣ ደግሞ ጫፉ ራሱ እንደ ፍም ሆኖ፣ ብልጭታው ከመድረሱ በፊት ድብልቁን ያቀጣጥለዋል። ጊዜውን ያልጠበቀ ቃጠሎ ሞተሩን ያዳክማል፣ ሲብስም ፒስተኑን ይበሳዋል። ሞተሮች የሚያመነጩት ሙቀት የተለያየ ስለሆነ ፋብሪካዎች ሸክላቸው ረዥምና አጭር የሆነ ካንዴላዎችን ይሠራሉ። በውስጥ በኩል ያለው የሸክላ አፍንጫ ሲረዝም ሙቀቱ ወደ ብረቱ ለመድረስ ረዥም መንገድ ስለሚሄድ ጫፉ ሙቀቱን ይይዛል፤ ሲያጥር ሙቀቱ ቶሎ ይለቃል። የውጭ አገር ጸሐፊዎች የመጀመሪያውን «ሙቅ»፣ ሁለተኛውን «ቀዝቃዛ» ይሏቸዋል።

እንግዲህ ይህ ስያሜ በምንጩ ቋንቋ እንኳ አሳሳች ነው። ሙቅ የተባለው ካንዴላ የበለጠ የጋለ ብልጭታ አይሰጥም፤ ቀዝቃዛውም ቢነኩት አይቀዘቅዝም። ወደ አማርኛ ሲመለስ ደግሞ የሰዋስው ችግር ይጨመርበታል። «የጋለ» ጋለ ከሚለው ኀላፊ ግስ በ«የ» የተመሠረተ ቅጽል ስለሆነ፣ አስቀድሞ የተፈጸመ ድርጊትን ይጠይቃል። አንባቢው «ማን አጋለው?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱንም ከሰል ምድጃው ላይ ያገኘዋል። «ሙቅ» ቢባልም «ሙቅ ውኃ» እንደምንለው የአሁኑን ሁኔታ እንጂ የዕቃውን ዐይነት አያሳይም። ስለዚህ ስያሜው መውጣት ያለበት ከተግባሩ ነው። «ሙቀት ያዥ ካንዴላ» እና «ሙቀት ለቃቂ ካንዴላ» የሚሉትን ሐሳብ አቀርባለሁ። ሁለቱም የአድራጊ ቅጽሎች በመሆናቸው የዕቃውን ጠባይ ይገልጻሉ፤ «ይበልጥ ሙቀት ያዥ» ብሎ ለማነጻጸርም ይመቻሉ። ደረጃውም «የሙቀት አለቃቀቅ ደረጃ» ሊባል ይችላል።

ተርጓሚ እዚህ ላይ ከቃል ምርጫ ያለፈ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። የደረጃ ቍጥር አቅጣጫ በየፋብሪካው ይለያያል። በኤን ጂ ኬና በዴንሶ ካንዴላዎች ቍጥሩ ከፍ ሲል ካንዴላው ሙቀት ለቃቂ ይሆናል፤ በቦሽና በቻምፒዮን ግን ቍጥሩ ከፍ ሲል ሙቀት ያዥ ይሆናል። በማመሳከሪያ ሰንጠረዦች የቦሽ 8 ቍጥር ከኤን ጂ ኬ 5 ቍጥር ጋር ይቀራረባል። እንግዲህ የኤን ጂ ኬ 8 እንዲገባበት የታዘዘ ሞተር ላይ ቍጥሩን ብቻ አይቶ የቦሽ 8 የሚያስገባ ሰው፣ ሞተሩን ጊዜውን ላልጠበቀ ቃጠሎ ያጋልጠዋል። «ከፍ ያለ ቍጥር ያለው ካንዴላ» የሚል ትርጕም በመመሪያ ውስጥ ፈጽሞ መግባት የለበትም። በካንዴላው ላይ የተጻፈው ምልክትም እንደ አንድ ቃል መነበብ የለበትም። ለምሳሌ በኤን ጂ ኬ «ዲ 8 ኢ ኤ» በሚለው ውስጥ «ዲ» የጥርሱ ስፋት 12 ሚሊ ሜትር መሆኑን፣ «8» የሙቀት አለቃቀቅ ደረጃውን፣ «ኢ» የጥርሱ ርዝመት 19 ሚሊ ሜትር መሆኑን ያመለክታሉ። ፊደላቱ ከተዘለሉና ጥርሱ የረዘመ ካንዴላ ከገባ ፒስተኑን ሊመታ ይችላል።

በዚህ አጋጣሚ ስለ አገራችን ከፍታም አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ስስ ነው። ለባሕር ጠረፍ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ሲሠራ ለሚያስገባው አየር ቤንዚኑን ያበዛበታል፤ ካንዴላውም ይጠቁራል። እንዲህ ባለ ጊዜ መስተካከል ያለበት ካርቡራተሩ ነው እንጂ ካንዴላው አይደለም። ሙቀት ያዥ ካንዴላ ገብቶለት ቆላ የወረደ ሞተር ግን አየሩ ሲወፍርለት ይግላል። በሌላ አገር የተጻፈ ሰንጠረዥ ይህን ሁሉ አይነግረንም።

ስለ ቀሩት ምክንያቶች

ካንዴላ በተለወጠ ማግስት ጉልበት መጥፋቱ ብዙ ጊዜ በካንዴላው ሳይሆን፣ ሲለወጥ በተነካካው ነገር ነው። ካንዴላው ራስ ላይ የሚሰካው ቆብ በሚገባ ሳይቀመጥ ይቀራል። በካንዴላው አናት ላይ ያለችው ተፈታይ ብሎን ትላላለች፣ ወይም ቆቡ ያለ እርሷ እንዲገባ የተሠራ ሆኖ ሳለ ሳትፈታ ትቀራለች። ሳልባትዮው ተነሥቶ ሲመለስ የቤንዚኑ ቱቦ ይታጠፋል፣ የቤንዚን መዝጊያው ሳይከፈት ይረሳል፣ ከአየር ማጣሪያው የሚመጣው ጎማ ሳይገጥም ቀርቶ ትርፍ አየር ያስገባል። ለእነዚህ ስያሜ ማውጣት አያስፈልግም፤ ነገሩን እንዳለ መናገር ይበቃል።

ሁለት ስፍራዎች ላይ ግን መቆም ያሻል። ትርፍ አየር የገባበትን ድብልቅ «ድኻ»፣ ቤንዚን የበዛበትን «ሀብታም» ብለው የተረጐሙ አሉ። መካኒኩ «አየር በዝቶበታል»፣ «ቤንዚን በዝቶበታል» ይላል። ከዚህ የተሻለ የሚያወጣ ሊቅ አይገኝም። ሌላው የማጥበቅ ጉዳይ ነው። ካንዴላው ከላላ እመቃው ያመልጣል፣ ሙቀቱም መውጫ ያጣል፤ ከመጠን በላይ ከጠበቀ የአሉሚኒየሙ ጥርስ ይበላል። በእንግሊዝኛ ሞተሩ የሚሰጠው የማዞር ኀይልና ብሎን የሚጠብቅበት ልክ በአንድ ቃል ስለሚጠሩ፣ በመመሪያው ላይ «ካንዴላውን ከ15 እስከ 20 ኒውተን ሜትር በሆነ የሞተር ጉልበት ያጥብቁ» የሚል አስገራሚ ትእዛዝ ተገኝቷል። «የማጥበቂያ ልክ» ማለት ይበቃ ነበር። የልክ ቁልፍ ለሌለው ደግሞ አዲስ ካንዴላ በእጅ እስኪቆም ድረስ ገብቶ፣ ከዚያ በመፍቻ ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ ዙር ይጠብቃል ብሎ መጻፍ ከቍጥሩ ይበልጥ ይጠቅመዋል።

ጉልበት፣ ኀይልና አቅም

በመጨረሻ ያቆየሁት የሰንጠረዡን ርእስ ነው። የሳይንስ መጻሕፍቶቻችን ጉልበት፣ ኀይልና አቅም የሚሉትን ሦስት ቃላት ለሦስት የፊዚክስ ጽንሰ ሐሳቦች ሲያከፋፍሉ አንዱ ከሌላው አይስማማም። በአንዱ መጽሐፍ ጉልበት የተባለው በሌላው ኀይል ሆኖ ይገኛል። ሕዝቡ ግን አስቀድሞ «የፈረስ ጉልበት» ብሎ ወስኗል። አንድ ሜትራዊ የፈረስ ጉልበት 735.5 ዋት ያህል ስለሆነ፣ በዚህ አጠራር ጉልበት ማለት በተወሰነ ጊዜ የሚሠራ የሥራ መጠን ነው። የፊዚክስ ተማሪ ለሌላ ጽንሰ ሐሳብ ቢጠቀምበትም፣ በሞተር መመሪያ ውስጥ ከሕዝቡ አጠራር መውጣት አያዋጣም። አንድ መመሪያ በአንድ ገጽ «ጉልበት»፣ በሌላው «ኀይል»፣ በሦስተኛው «አቅም» ቢል አንባቢው ሦስት የተለያዩ ብልሽቶች ያሉ ይመስለዋል። የመረመርሁት መመሪያ ይህንኑ አድርጎ ነበር፤ እኔም የቃላት መለዋወጥ ለአጻጻፍ ውበት ነው ብዬ አልፌዋለሁ።

ለመዝገበ ቃላት የሚቀርቡት ፍቺዎች እንደሚከተለው ቢሆኑ ይሻላል። ካንዴላ (፩)፦ በቤንዚን ሞተር ራስ ላይ ተጠምዝዞ የሚገባ፣ በኮረንቲ ብልጭታ ድብልቁን የሚያቀጣጥል መሣሪያ። ካንዴላ (፪)፦ የብርሃን ድምቀት መለኪያ። የካንዴላ ክፍተት፦ በመካከለኛውና በጎኑ ኤሌክትሮድ መካከል ያለ፣ በሚሊ ሜትር የሚለካ ርቀት። እሳት መሳት፦ ብልጭታ ባለመገኘቱ ወይም በመድከሙ የታመቀው ድብልቅ ሳይቃጠል መቅረቱ። ሙቀት ያዥ፣ ሙቀት ለቃቂ፦ ከላይ እንደ ተገለጸው።

ለዚያ ጋራዥና መመሪያው ለደረሳቸው ሌሎች የተላከው የእርማት ወረቀት ሰንጠረዡን እንዲህ ሲል ተክቶታል፦ «ሞተሩ በሚኒሞ ደኅና ሠርቶ ሲጫን ጉልበት የሚያጣ ከሆነ፣ በመጀመሪያ በኤሌክትሮዶቹ መካከል ያለው ክፍተት ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር መሆኑን ይለኩ። ቆቡ በሚገባ መሰካቱንና ካንዴላው መጥበቁን ይመልከቱ። እነዚህ ሁሉ ትክክል ሆነው፣ ካርቡራተሩም ተስተካክሎ ሳለ ካንዴላው እየደጋገመ ከጠቆረ፣ በዚያው ፋብሪካ ሰንጠረዥ መሠረት አንድ ደረጃ ይበልጥ ሙቀት ያዥ የሆነ ካንዴላ ገዝተው ይለውጡ። ካንዴላውን በእሳት አያግሉ።»